የአያት ሽጉጥ ከዝገት ሲድን፦ የጣሊያን ባለ ስድስት ጎራሽን ሳያበላሹ መንከባከብ

ሽጉጡ የተገኘው ሴት አያቴ ካረፉ በኋላ ነው። አልጋቸው ስር ከነበረው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ፣ በጋቢ ቁራጭ ተጠቅልሎ። ጨርቁ በቅቤ ርሶ ጠቁሯል። ገና ስንፈታው የቆየ ቅቤ ሽታ ቤቱን ሞላው። ታላቅ አክስቴ ምንም ሳይደንቃቸው «የአድዋው ሽጉጥ ነው» አሉ። ቅድመ አያታችን ጣሊያን ማርከው ያመጡት ሽጉጥ አለ ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ያየው ግን ማንም አልነበረም።

ብረቱ በቡናማ ዝገት ተሸፍኗል። የእጀታው እንጨት አንድ ጎኑ ተሰንጥቋል። አንድ ዘመዳችን ወዲያው እጁን ዘረጋ። «ስጡኝ፣ ጋራዥ ወስጄ ግራይንደር አስነካውና እንደ መስታወት አደርገዋለሁ!» ከልቡ ነበር። ከእጁ ለማስጣል ግን ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን። ይህን መመሪያ ስጽፍ የማስበው እሱን ነው።

ሽጉጡ በኋላ እንደታወቀው የጣሊያን ጦር 1889 ሞዴል (ዓመቱ በእነሱ አቆጣጠር ነው)፣ በተለምዶ ቦዴዮ የሚባለው ነው። ስሙን ያገኘው ሞዴሉን የመረጠውን ኮሚሽን ከመሩት ከካርሎ ቦዴዮ ነው። ስድስት ጥይት ይጎርሳል፤ የጥይቱ ስፋት 10.35 ሚሊ ሜትር ነው። ክብደቱ አንድ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ሁለት ዓይነት አለው። የተራ ወታደሩ አፈሙዙ ስምንት ማዕዘን ነው። ምላጩ ታጣፊ ነው፣ ዙሪያውን የሚጠብቀው ቀለበትም የለውም። የመኮንኑ ደግሞ አፈሙዙ ክብ ነው፤ ምላጩም ቀለበት ውስጥ ነው። የእኛው ባለ ስምንት ማዕዘኑ ነው። ስለዚህ የቤተሰቡ ወሬ ውስጥ ያለው «መኮንን» የተራ ወታደር መሣሪያ ይዞ ነበር ማለት ነው። ወይም ወሬው ጥቂት አድጓል።

ከዚህ በታች የምጽፈው ለቦዴዮ ብቻ የሚሆን አይደለም። ናጋን የሚባለው ሽጉጥም ይሁን ሌላ፣ ብረትና እንጨት ያለው አሮጌ የወታደር ሽጉጥ ሁሉ ችግሩ ተመሳሳይ ነው። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው እንስማማ። ዓላማው ዝገቱን ባለበት ማስቆም ነው። አዲስ ማስመሰል የለም። ማስተኮስም የለም። መቶ ዓመት ያለፈው ብረት ውስጡ ተሰንጥቆ እንደሆነ በዓይን አይታይም። ሲተኮስ የሚፈነዳው ደግሞ የያዘው ሰው እጅ ላይ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ

«አሮጌ ስለሆነ ሕግ አይመለከተውም» የሚል ወሬ ብዙ ሰምቻለሁ። አትመኑት። ኢትዮጵያ ውስጥ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሳጥን ውስጥ ሽጉጥ ካገኛችሁ በፌስታል ጠቅልላችሁ ታክሲ ውስጥ እንዳትገቡ። ሽጉጡን ቤት ቆልፋችሁ፣ ባዶ እጃችሁን ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። ምን እንደተገኘ ተናገሩ። ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ እነሱ ይንገሯችሁ። እኛ ቤት ነገሩን ሁሉ የያዘው አጎቴ ነው፤ ፈቃዱም በእሱ ስም ነው። ይህ እስኪያልቅ ሽጉጡን ማንም አልነካውም።

ታሪክ ያለው ዕቃ ከሆነ ሌላም ሕግ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይባላል። ቅርስ የሆነ ነገር ላይ የጥገና ሥራ ከመጀመር በፊት ፈቃድ መጠየቅ፣ ከአገር ከማስወጣት በፊትም እንዲሁ። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ሄዶ መጠየቅ ከአንድ ቀን በላይ አያስከፍልም።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ፦ በፌዴራሉ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ መሣሪያ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይታያል። በ1899 የተሠራው አይታይም። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሁለት ቦዴዮ በሕግ ፊት ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆኑ ይችላሉ። የየስቴቱ ሕግ ደግሞ ለብቻው ነው። ሽጉጡ ላይ የተመታው ዓመት ለታሪክ ብቻ እንደማይፈለግ ከዚህ ይገባችኋል።

ጎርሷል ብላችሁ ገምቱ

አሮጌ ሽጉጥ ሁሉ ባዶ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ጥይት እንዳለበት ይቆጠራል። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ወደ መሬት ይዙር። ጣት ከምላጩ ይራቅ። ልጆች ከክፍሉ ይውጡ። አፈሙዙን ከፊት ገብቶ ማየት ክልክል ነው፤ በስልክ መብራትም ቢሆን፣ «ለአንድ ሰከንድ»ም ቢሆን።

ቦዴዮ በቀኝ ጎኑ ትንሽ የጥይት ማስገቢያ በር አለችው። በሯ ስትከፈት ከኋላ ያለው መዶሻ ከምላጩ ይለያያል ተብሎ ነው የተሠራው። ግን መቶ ዓመት የኖረ ሞላ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅምና በዚህ አትመኩ። በሯን ከፍቶ ከበሮውን በእጅ ቀስ እያሉ ማዞር ነው። ስድስቱንም ቀዳዳ አንድ በአንድ ማየት። አምስቱን አይቶ «ባዶ ነው» የሚል ሰው አለ። ስድስተኛውን እዩት።

የእኛው ስድስተኛው ላይ ቀልሃ ነበረበት። አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ለብሷል፤ ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል። የተተኮሰ ይሁን አይሁን በእርግጠኝነት መናገር አልቻልንም። እዚያው ላይ አቆምን። ፖሊስ የመሣሪያ ባለሙያ አሳየልን፤ የተተኮሰ ባዶ ቀልሃ መሆኑን አረጋግጦ አወጣልን። እናንተም ከበሮው አልዞር ካለ፣ ወይም ቀዳዳ ውስጥ ማንኛውም ነገር ከታየ፣ አታንኳኩት፣ አታሙቁት፣ በምስማር አትቆርቁሩት። ዘይትም አታፍስሱበት። ባሩድ ሲያረጅ ይሞታል የሚባለው እውነት አይደለም።

ከበሮው ባዶ ከሆነም አፈሙዙ ውስጥ የቀረ የጥይት እርሳስ ሊኖር ይችላል። ቀጭን የእንጨት ዘንግ፣ ብረት ያልሆነ፣ ጎን ቆማችሁ በቀስታ አስገቡ። የገባውን ርዝመት በውጭ ለኩት። ከአፈሙዙ ርዝመት አጥሮ ከቆመ አሁንም ባለሙያ ጥሩ።

ሳትጠርጉት በፊት አንብቡት

ከሁሉም በላይ የማምንበት ደረጃ ይህ ነው። ሰው ግን የሚዘለው ይህንኑ ነው፤ እጁ ስለሚያሳክከው።

ሽጉጡን ነጭ ጨርቅ ላይ አስተኙት። አጠገቡ ማስመሪያ አድርጉ። ሁለቱንም ጎን፣ ላዩን፣ ታቹን፣ የእጀታውን ቂጥ ፎቶ አንሱ። ከዚያ የክፍሉን መብራት አጥፉና የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት። ፊት ለፊት ሲበራ የማይታይ ጭረትና ፊደል በጎን ብርሃን ጥላ ይጥላል። ባትሪውን ቀስ እያላችሁ በዙሪያው አዙሩት።

ዝገቱ ስር ዘውድ አየን። ከዚያ ተከታታይ ቁጥር። ከዚያ የሰሜን ጣሊያኗ የመሣሪያ ከተማ የብሬሻ ስም። ከሥሩ አራት አሃዝ፦ 1917።

አጎቴ ሁለቴ አነበበው። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር 1896። ሽጉጡ የተሠራው ከአድዋ 21 ዓመት በኋላ ነው! ሞዴሉ በአድዋ ጊዜ እርግጥ ነበረ፤ ይህኛው ግን ገና አልተወለደም። ቦዴዮ ደግሞ ብዙ ዕድሜ የሠራ መሣሪያ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ተመልሶ ሲመጣም ከወታደሩ ጋር ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠልን። ይህ ሽጉጥ የአድዋ ዘማች አይደለም፤ የአምስቱ ዓመት አርበኛ ምርኮ ይመስላል። ቅድመ አያታችን ሳይሆኑ ልጃቸው፣ የአያቴ ባል፣ ጫካ የነበሩት ሳይሆኑ አይቀሩም። አክስቴ ይህን ስንነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና «ታዲያ የአድዋው የት ገባ?» አሉ። እስካሁን ይጠይቁናል።

እንግዲህ ግራይንደሩን አስቡት። እነዚያ አራት አሃዞች ጥልቀታቸው ከወረቀት ውፍረት ብዙ አይበልጥም። ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። ሽጉጡ ያብረቀርቃል፤ እኛም አድዋ አድዋ እያልን እንኖራለን።

የምታዩትን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፉ፦ ምልክት፣ ቁጥር፣ የተሰነጠቀ ቦታ፣ የጎደለ ብሎን። በቢላ የተፈለፈለ ስም ወይም መስቀል እንጨቱ ላይ ካለ እሱንም። አያቶቻችን መሣሪያቸው ላይ ምልክት ማድረግ ይወዱ ነበር። ያ ጭረት ጉዳት አይባልም፤ እንዳትሞሉት።

ምን ምን ያስፈልጋል

ብዙ አይደለም። የሕክምና ጓንት፤ ላብ ውስጥ ያለው ጨው ብረት ላይ የጣት አሻራ በዝገት ይጽፋልና። ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ አሮጌ ካናቴራ ይበቃል። የስፌት መኪና ዘይት። ነጭ ጋዝ። ንጹሕ አልኮል። የተጣራ ውሃ ከፋርማሲ። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ የነሐስ ብሩሽ ከተገኘ። የጥርስ እንጨት። ብሎን ማስቀመጫ የእንቁላል ትሪ። ካቻቪቴ፣ ስለ እሱ ቆይቼ እመለሳለሁ።

አንድ ደግሞ የማይገመት መሣሪያ አለ፦ በ1936 ዓ.ም. የተመታው የጃንሆይ ቀይ ሳንቲም። መዳብ ከብረት ይለሰልሳል። ዝገቱን ይፍቃል፣ ብረቱን አይጭርም። ሳንቲሙ ጠርዙ ይበላል፤ ስለዚህ ፊቱ የጠፋውን፣ ማንም የማይፈልገውን ምረጡ። አንዱን ቅርስ ለማዳን ሌላውን ማጥፋት አያስፈልግም። ካጣችሁ ወፍራም የኤሌክትሪክ መዳብ ሽቦ ጫፉን ቀጥቅጦ ጠፍጣፋ ማድረግ ይቻላል።

ከቤት መውጣት ያለባቸውም አሉ። ብርጭቆ ወረቀት። የሽቦ ብሩሽ፣ በተለይ ድሪል ላይ የሚገጠመው። የድስት ማጠቢያ ሽቦ። ኮምጣጤ፣ ሎሚ፣ ለስላሳ መጠጥ። አሲድ ዝገት ይበላል፤ እውነት ነው። ግን ዝገትና ጥሩ ብረት ለይቶ አያውቅም። ከፋብሪካ የወጣበትን ጥቁር ሰማያዊ ቀለም በደቂቃዎች ይገፈዋል፤ ሽጉጡን አመድ መስሎ ታገኙታላችሁ። በባትሪ ቻርጀር ዝገት የማውጣት ዘዴም ያው ነው። ለማረሻ ጥሩ ነው።

ቅቤውን ማንሳት

አያቴ ጥፋት አልሠሩም። በዘመናቸው መሣሪያ ቅቤ ወይም ሞራ ይቀባ ነበር፤ ለአንድ ክረምት በደንብ ያገለግላል። ለሰማንያ ዓመት ሲቀመጥ ግን ይኮመጥጣል። ውስጡ የሚፈጠረው አሲድ ብረቱን ያነክሳል፤ ከላይ ደግሞ እንደ ሙጫ ይደርቅና አቧራና እርጥበት ይይዛል።

እንጨቱ ላይ ሳይደርስ ብረቱን በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ አብሱ። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። መስኮት ይከፈት። ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ አይሆንም፤ ቡና እየተፈላ ከሆነ ቡናው ይቅደም። ጥግ ጥጉን በጥርስ ብሩሽ። እኛ ለዚህ ብቻ ሁለት ከሰዓት ፈጀብን።

ብሎኖቹ

እዚህ ላይ ትንሽ ሳቅን። ሞላ፣ ብሎን፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፦ እያንዳንዷ ቃል ጣሊያንኛ ናት። ሽጉጡን የሠሩት ሰዎች ቢሰሙን ግማሹን ይረዱን ነበር።

የአሮጌ ሽጉጥ ብሎን በእጅ የተስማማ ነው። አንዱ ከሌላው ጋር አይለዋወጥም፣ ገበያም ላይ የለም። ራሱ ከተበላ ወይም ከተሰበረ ነገሩ አበቃ። ሱቅ ውስጥ ያለው ካቻቪቴ ጫፉ እንደ ሽብልቅ ነው፤ ከላይ ወፍሮ ወደ ታች ይሳሳል። ሲጫኑት ከቦታው ይዘልና የብሎኑን ጭንቅላት ይበላል። ስለዚህ ርካሽ ካቻቪቴ ግዙና ጫፉን በሞረድ አስተካክሉ። ሁለቱ ጎኖች ትይዩ ይሁኑ። ስፋቱ የብሎኑን ስንጥቅ ሙሉ በሙሉ ይሙላ፤ ከስንጥቁ ግን አይውጣ። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው። ሽጉጡን የሚያድነው ግን ይኸው ነው።

የስፌት መኪና ዘይትና ነጭ ጋዝ እኩል በእኩል ቀላቅሉ። በእያንዳንዱ ብሎን ጭንቅላት ላይ በመርፌ አንድ ጠብታ ጣሉ። ነገ ድገሙት። ከነገ ወዲያም። አንድ ሳምንት ብዙ አይደለም። ካልተላቀቀ ሬዲዮ ጠጋኝ የሚጠቀምበትን የካውያ ጫፍ ብሎኑ ራስ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል አሳርፉ፤ ግን ከዚያ በፊት ጋዙ ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት። ይሞቅና ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይኮማተራል፤ ዝገቱ ይሰነጠቃል። የእሳት ነበልባል ግን አይቀርብም፤ የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋል።

የትኛውን ብሎን ትፈታላችሁ? የእጀታውን ብቻ። ከበሮው ደግሞ በሯ ተከፍታ መሃል ያለው ዘንግ ወደ ፊት ሲሳብ በጎን ይወጣል፤ ዘንጉ አልንቀሳቀስ ካለ ዘይት ጨምሩበትና ጠብቁ። የጎኑን ሽፋን፣ ማለትም የምላጩና የመዶሻው ማሽን ያለበትን፣ አትክፈቱ። ውስጡ ያለው ትልቁ ሞላ ተወጥሮ ነው የተቀመጠው። ከተሰበረ መተኪያ የለውም፣ ሲዘል ደግሞ ዓይን ያጠፋል። ሽጉጡ ላይተኮስ ነገር ውስጡ ለምን ይከፈታል? በቀዳዳዎቹ ጥቂት ዘይት አስገብቶ፣ ለአንድ ሌሊት ጨርቅ ላይ አንጠልጥሎ ማንጠባጠብ ይበቃዋል።

የእጀታውን እንጨት ስትፈቱ በጥፍር ወይም በቢላ ጫፍ እንዳትፈነቅሉ፤ ጠርዙ ይላጣል። ብሎኑን ሦስት አራት ዙር ብቻ ፍቱት። ከዚያ ጭንቅላቱን በካቻቪቴው እጀታ በቀስታ መታ መታ አድርጉ። ተቃራኒው ጎን ራሱ ይነሳል። የወጣውን ሁሉ በቅደም ተከተል እንቁላል ትሪው ላይ አስቀምጡ፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ጻፉበት።

ዝገቱ

ዝገት ሁሉ አንድ አይደለም። ቀይና ብርቱካናማው፣ በጣት ሲነኩት ዱቄት የሚሆነው፣ ሕያው ነው። እርጥበት እየሳበ ወደ ውስጥ ይበላል። ጥቁሩና ጥቁር ቡናማው፣ ለስላሳውና የጠነከረው ግን ተኝቷል። ብዙ ጊዜ ብረቱን ከአየር ይጠብቀዋል። እሱ ላይ የዘመን ወዝ አለ። ቀዩን ታነሳላችሁ፣ ጥቁሩን ትተዋላችሁ። ሥራው በሙሉ ይኸው ነው።

በማይታይ ቦታ ጀምሩ፤ ለምሳሌ እንጨቱ ይሸፍነው በነበረው የእጀታ ብረት ላይ። ዘይት ቀቡና አንድ ቀን ይደር። ከዚያ የሳንቲሙን ጠርዝ ጋደም አድርጋችሁ፣ ዘይቱ ውስጥ፣ ባጭር ባጭሩ ግፉ። ቀዩ እየተነሳ ዘይቱን ጭቃ ያስመስለዋል። በነጭ ጨርቅ ጥረጉና እዩ። ጨርቁ ላይ ቀይ ቡናማ ከወጣ ቀጥሉ። ግራጫና ጥቁር ብቻ ሲሆን እጃችሁን አንሱ። ብረቱ ነጭ ሆኖ መብለጭለጭ ከጀመረ አልፋችኋል።

ጽሑፍና ምልክት ባለበት ቦታ ሳንቲሙም አይገባም። እዚያ የጥርስ እንጨት በዘይት ነክሮ ፊደል በፊደል። ሰማያዊው ቀለም የቀረበት ቦታ ካለ፣ ብዙ ጊዜ አፈሙዙ ከሽጉጡ አካል ጋር በሚጋጠምበት ጥግ፣ በጨርቅ ብቻ። የእኛው ላይ የአምስት ሳንቲም ስፋት ያህል ቀርቷል። በፀሐይ ሲታይ እንደ እርግብ አንገት ነው።

ዝገቱ በልቶት የሄደው ጉድጓድ ግን ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። ለማስተካከል ዙሪያውን መፋቅ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ግራይንደሩ በሌላ በር ገባ ማለት ነው። አዲስ ቀለም ማስቀባትም አይመከርም። በሽታ ያለፈበት ፊት ላይ ሜካፕ አይለጠፍም።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? እኛ በቀን አንድ ሰዓት ያህል፣ ወደ ሦስት ሳምንት።

የአፈሙዙ ውስጥ

ብዙ ሰው እዚህ ዘይት ብቻ ያስገባል። የድሮ ጥይት ጭስ ግን ጨው ጥሎ ይሄዳል። በዚያ ዘመን የጥይት ቀስቃሽ ውስጥ ክሎሬት ነበረበት፤ ሲቃጠል የሚቀረው የገበታ ጨው ዘመድ ነው። እርጥበት ይስባል፣ ብረቱንም ያዝገዋል። ጨው በዘይት አይሟሟም፣ በውሃ ነው የሚሟሟው። ስለዚህ ሳይፈሩ ውሃ፦ በሙቅ የተጣራ ውሃ የረጠበ ትንሽ ጨርቅ በእንጨት ዘንግ አስገቡና አውጡ። አምስት ስድስት ጊዜ። የከበሮውን ስድስት ቀዳዳም እንዲሁ። ወዲያው ደረቅ ጨርቅ፤ ወዲያው በአልኮል የራሰ ጨርቅ፣ የቀረውን ውሃ ይዞ እንዲተን። መጨረሻ ላይ ዘይት። በመሃል ስልክ ቢጠራ አታንሱ፤ እርጥብ ብረት በሰዓታት ውስጥ ይዝጋል።

ውስጡ እርሳስም ስለሚኖር ጓንት አይውለቅ። ስትጨርሱ እጅ በሳሙና።

እንጨቱ

እጀታውን ውሃ ውስጥ አትንከሩ። አልኮልም አይንካው፤ የድሮ ቫርኒሽ በአልኮል ይሟሟል። በትንሹ የረጠበ ጨርቅ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ተከትሎት ቆሻሻውን ያነሳል። ውስጠኛው ፊት ላይ ቁጥር ካለ ከብረቱ ቁጥር ጋር አመሳክሩና ጻፉት።

የተልባ ዘይት ቀቡት የሚሉ ብዙ ናቸው። ተልባ አገራችን ሞልቷል፣ መጀመሪያ ቀንም ያምራል። ግን ይደርቃል፣ እየጠቆረ ይሄዳል፣ አቧራ ይይዛል፣ ከገባ በኋላ አይወጣም። እኔ አልቀባሁትም። ስንጥቁንም በኮላ አልሞላሁትም። ቆሞ እስካለ ድረስ ስንጥቅ ሆኖ ይኑር። ለሁለት የተከፈለ እንጨት ቢሆን ኖሮ ወደ አናጺ እንጂ ወደ ፈጣን ማጣበቂያ አልሄድም ነበር።

ሰም

ዘይት ይፈሳል፣ አቧራ ይሰበስባል። ለሚቀመጥ ዕቃ ሰም ይሻላል። ሙዚየሞች የሚጠቀሙበት ሬኔሳንስ ዋክስ የሚባል አለ፤ መነሻው የብሪቲሽ ሙዚየም ቤተ ሙከራ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አንድ ትንሽ ቆርቆሮ ቢያመጣላችሁ ለዓመታት ይበቃል። የማር ሰም ለጊዜው ያገለግላል፤ ግን በራሱ ትንሽ አሲድ ስላለው የመጀመሪያ ምርጫዬ አይሆንም።

ብረቱን ከዘይት በአልኮል አጽዱ። በፀጉር ማድረቂያ ለብ ይበል። በጣት ጫፍ የምትያዝ ሰም በጨርቅ ውሰዱና በጣም ስስ አድርጋችሁ አዳርሱ። ጥቂት ቆይታችሁ ወልውሉ። ሁለተኛ ዙር ድገሙት። እንጨቱም ይወስዳል። ሲያልቅ ብረቱ ጥቁር ቡናማ፣ ለስላሳ፣ ደብዘዝ ያለ ነው። ዘመዳችን አይቶት «ታዲያ ምን ሠራችሁ?» አለ።

ማስቀመጥ

የቆዳ ማህደሩ ካለ ደስ ይበላችሁ፣ ግን ሽጉጡን እዚያ ውስጥ አታኑሩት። ቆዳ የሚለፋበት ኬሚካል እርጥበት ይዞ ብረቱን ይበላዋል። ጎን ለጎን ይቀመጡ። ፌስታል ውስጥ አፍኖ ማሰር፣ ስፖንጅ ላይ ማስተኛት፣ ትኩስ ቫርኒሽ የሚሸት ሳጥን፣ እነዚህም አይሆኑም። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ቁልፍ ያለው ሳጥን፣ ከግድግዳና ከወለል ራቅ ያለ ቦታ። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን ትናንሽ የሲሊካ ጄል ከረጢቶች አትጣሉ፤ ጥቂቱን አብሮ መክተት ይጠቅማል። የክፍሉ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ቢሆን ጥሩ ነው። ቁልፉ ባለ ፈቃዱ ጋር ይሁን።

ሳጥኑ ውስጥ አንድ ወረቀትም ይግባ። ምን እንደተደረገ፣ በምን እንደተደረገ፣ በስንት ዓ.ም.። እኛ የወጣውን ቀልሃ በትንሽ ከረጢት አድርገን አብረን አስቀመጥነው። ወረቀቱ ላይ «1917፣ ብሬሻ» ብለን ጻፍን። ከሥሩ ደግሞ «ቤተሰቡ የአድዋ ነው ይላል» ብለን ጨመርን፤ አክስቴ ካልተጻፈ ብለው ስላስቸገሩን።

በዓመት ሁለት ጊዜ ክፈቱት፦ ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይገባ፣ መስከረም ላይ ሲወጣ። በጓንት ያዙት። ቀይ ነጥብ ከታየ በዘይትና በጥርስ እንጨት አንሱት፣ እዚያችው ቦታ ላይ ሰም መልሱ። የእኛው ባለፈው መስከረም አንዲት ነጥብ አወጣ፣ ቀለበቱ ስር፣ ገመድ የሚታሰርበት ቦታ ላይ። ጓንት ሳያደርግ የነካው ሰው አለ። ማን እንደሆነ እናውቃለን።